ተረቱን የሚተርከው ማን ነው? (ስለ አንድሮሜዳ፣ ስለ እትዬ አዜብና ስለ አራዌሎ)



በጥንታዊት ግሪክ ተረቶች ውስጥ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣ አንዲት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ አለች። አንድሮሜዳ ትባላለች። አባቷ ንጉሥ ኬፌዎስ፣ እናቷ ንግሥት ካሲዮፔያ ናቸው። ተረቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። እናቲቱ ከባሕር ልዕልቶች ሁሉ የሚበልጥ ውበት በቤቷ እንዳለ ተናግራ ተመጻደቀች። አንዳንዱ ተራኪ ስለ ራሷ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ስለ ልጇ ነው ይላል። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን በዚህ ተቆጥቶ አገሩን በጎርፍ መታ፤ ሰውና ከብት የሚውጥ አውሬም ከባሕር ሰደደ። መፍትሔው ቢጠየቅ፣ ልጂቱ ለአውሬው ካልተሰጠች መዓቱ አይበርድም ተባለ። ስለዚህ አንድሮሜዳ በባሕሩ ዳር ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታሰረች። በዚያን ሰዓት ፐርሴዎስ የተባለው የግሪክ ጀግና የሜዱሳን ራስ ቆርጦ በአየር እየበረረ ሲመለስ አያት። አውሬውን ገደለ፤ እርሷንም አግብቶ ወደ አገሩ ይዟት ሄደ።

ይህ ተረት ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት በላይ ተተርኳል። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የተማርነው የጀግና ታሪክ ተብሎ ነው። የፈተናው ጥያቄ «አውሬውን የገደለው ማን ነው?» የሚል ነበር። «ልጂቱስ ምን አለች?» ብሎ የጠየቀ መምህርም ተማሪም አልነበረም። ዛሬ ግን ይህንን ጥያቄ ሥራዬ ብለው የያዙ ደራስያን፣ በተለይም ሴቶች ደራስያን፣ በልዩ ልዩ አገር ተነሥተዋል። የጥንቱን ተረት ከሴቲቱ ወገን ሆነው እንደገና ይተርኩታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ዳግም ትረካ ምን እንደሆነ፣ በእኛ አገርና አሁን በተጠለልንበት በሶማሌዎች ምድርስ ምን አምሳያ እንዳለው፣ ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ምን እንደሚፈይድ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛዋ ኢትዮጵያ?

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ዛሬ በካርታ ላይ የምናውቃትን አገር ብቻ ማለታቸው አልነበረም። ቃሉ በቋንቋቸው ፊታቸው ፀሐይ የነካው ሕዝቦች ማለት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኑብያንና የመርዌን ምድር ያመለክት ነበር። የአክሱም ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ይህ ስም ሐበሻን ለማመልከት ገብቶ እናገኘዋለን። ሌሎች ጸሐፍት ደግሞ አንድሮሜዳ የታሰረችበት ቋጥኝ በፍልስጥኤም ዳርቻ በኢዮጴ ወደብ ነው ይሉ ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ የዚያ አውሬ አጥንት ነው የተባለና ርዝመቱ 40 ጫማ የሆነ አጥንት ከኢዮጴ ወደ ሮም ተወስዶ ለሕዝብ ታይቷል።

እንግዲህ አንድሮሜዳ የጎንደር ወይም የአክሱም ልጅ ናት ብለን አንከራከርም። ይሁን እንጂ ግሪኮች ራሳቸው የጥቁር ሕዝብ ንጉሥ ልጅ አድርገው እንደተረኳት አይካድም። ከልጅ ልጆቿም የታላቁ ጀግና የሄርኩለስ እናት ተወልዳለች። የፋርስ ሕዝብ ስሙን ያገኘው ከልጇ ከፐርሴስ ነው ተብሎም ሄሮዶቱስ ጽፏል። ኦቪድ የተባለው ሮማዊ ባለቅኔ በአንዳንድ ግጥሞቹ ጠይም ናት ይላታል። በኋላ ዘመን የተነሡት የአውሮፓ ሠዓልያን ግን፣ ለምሳሌ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቲሽያን፣ ነጭ አድርገው ሣሏት። ስለዚህ የአንድሮሜዳ ታሪክ ሁለት ጊዜ ከእጇ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ድምፅዋ ተወሰደ፤ ሌላ ጊዜ መልኳ ተወሰደ።

ውሉ የተፈረመው ከማን ጋር ነው?

ኦቪድ ታሪኩን ሲተርክ አንድ ልብ የሚባል ነገር ያነሣል። ፐርሴዎስ ልጂቱን ሲያያት መጀመሪያ የድንጋይ ሐውልት መስላው ነበር፤ ሕይወት እንዳላት ያወቀው ነፋሱ ጠጉሯን ሲያነቃንቅና እንባዋ ሲወርድ አይቶ ነው። ማንነቷን ሲጠይቃት ለጊዜው ዝም ትላለች። በኋላ ግን በደለኛ የሆነች እንዳይመስለው ስሟንና አገሯን፣ የእናቷንም መመጻደቅ ትነግረዋለች። የምትናገረው ይህንኑ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ አውሬው ከባሕሩ ብቅ ሲል ፐርሴዎስ ወደ ወላጆቿ ዞሮ ይዋዋላል፦ ካዳንኳት የእኔ ትሆናለች ይላል። እነርሱም እሺ ይላሉ፤ መንግሥታቸውንም ጥሎሽ አድርገው ይጨምራሉ። በሰንሰለት የታሰረችውን «አንቺስ ፈቃድሽ ነወይ?» ያላት የለም። አውሬው እየቀረበ የሚደረግ ውል ምን ዓይነት ውል እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከኦቪድ በፊት አራት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን ሌላ ዓይነት ትረካ ነበር። የአቴንሱ ቴአትር ጸሐፊ ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ዓመት «አንድሮሜዳ» የሚል ተውኔት ለሕዝብ አሳየ። ሙሉ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ከተረፉት ቁርጥራጮችና አሪስቶፋነስ የተባለው ቀልደኛ ደራሲ በማግሥቱ ዓመት ካደረገበት ቀልድ ግን አከፋፈቱን እናውቃለን። ተውኔቱ ከመነሻው የሚያሳየው ከቋጥኙ ጋር የታሰረችውን ልጅ ነበር። ጀግናው ገና አልመጣም። መጀመሪያ የሚሰማው የእርሷ ሙሾ ነው፤ የሚመልስላትም የገደሉ ማሚቶ ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ሴቲቱን አስቀድሞ ማናገር የዛሬ ዘመን ፈሊጥ እንዳልሆነ ነው። ከጥንቶቹ መካከል ያደረገው ነበር። የጠፋው የእርሱ ተውኔት ሲሆን የተረፈው የሌላኛው ነው።

የዛሬዎቹ ደራስያን

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የምሥራቅ ጀርመኗ ደራሲ ክሪስታ ቮልፍ በ1983 «ካሳንድራ»ን አሳተመች። ካሳንድራ የትሮይ ንጉሥ ልጅ ስትሆን መጪውን ጥፋት ታያለች፤ ብትናገር ግን የሚያምናት የለም። በቮልፍ መጽሐፍ የትሮይን ጦርነት የምንሰማው ከእርሷ አንደበት ነው። የካናዳዋ ማርጋሬት አትውድ በ2005 ባወጣችው መጽሐፍ ደግሞ የኦዲሴዎስ ሚስት ፔኔሎፒ ትናገራለች፤ ከእርሷም ጋር 12 ገረዶች ይናገራሉ። በሆሜር ታሪክ ጀግናው ወደ ቤቱ ሲመለስ እነዚህ ገረዶች ከጠላት ጋር ተኝታችኋል ተብለው በገመድ ተሰቅለዋል። አንባቢ ሁሉ ለሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በጀግናው መመለስ ሲደሰት የእነርሱን ሬሳ ተሻግሮ ያልፍ ነበር። በ2018 አሜሪካዊቷ ማድላይን ሚለር ጠንቋይ እየተባለች የምትጠራውን ሰርሲን አናገረች። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊቷ ፓት ባርከር በአኪሌስና በአጋሜምኖን መካከል እንደ ምርኮ ዕቃ የተናጠቋትን ብሪሴይስን አናገረች። በ2022 ደግሞ ሌላዋ እንግሊዛዊት ናታሊ ሄንስ የሜዱሳን ታሪክ ጻፈች፤ አንድሮሜዳም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አለች። ሜዱሳ በኦቪድ ትረካ በፖሲዶን የተደፈረች ሴት ናት፤ ቅጣቱ የወረደው ግን በደፋሪው ላይ አልነበረም፤ በእርሷ ጠጉር ላይ ነው፤ እባብ ሆነ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይህ የፈረንጆች ቅብጠት ነው፤ ለእኛ ለረኃብተኞች ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ከሀብታሞቹ አገር ሳንሄድ ከስደተኞች ዘንድ እናገኘዋለን። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት «የትሮይ ሴቶች» የተባለ ተውኔት አሳይቶ ነበር። ከተማቸው ተቃጥሎ፣ ባሎቻቸው ታርደው፣ ለየትኛው ጌታ እንደሚዕደሉ በባሕር ዳር የሚጠባበቁ ሴቶች ታሪክ ነው። ጊዜው አቴናውያን በሜሎስ ደሴት ላይ ወንዶቹን ፈጅተው ሴቶቹንና ሕፃናቱን በባርነት ከሸጡ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ይህንን ተውኔት በ2013 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን መድረክ ላይ ያወጡት ከጦርነት የሸሹ የሶርያ ሴቶች ናቸው። ከዚያ በፊት ተዋናይ አልነበሩም። የጥንቱን ታሪክ ከራሳቸው ታሪክ ጋር እየሸመኑ ተናገሩት። በሁለተኛው ዓመት ስለ እነርሱ የተሠራው ፊልም «የሶርያ ንግሥቶች» ይባላል። ስለዚህ ዳግም ትረካ የጠገበ ሰው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሚናገርበት ቋንቋ ሲያጣ ከጥንት የሚበደረው ቋንቋም ነው።

የእኛዋ አንድሮሜዳ

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንመለስ። ለአውሬ የተሰጠች ልጅ ታሪክ የግሪኮች ብቻ አይደለም። በሰሜን አገራችን አንድ ዘንዶ ሕዝቡን ይገዛ እንደነበረ፣ ሰውም ልጃገረድ እየገበረለት ይኖር እንደነበረ አያቶቻችን ይተርካሉ። ኤኖ ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1904 ያሳተመው የትግረ ቋንቋ ትረካ ከሁሉም ይልቅ ለጉዳያችን ይቀርባል። የልጂቱ ስም እትዬ አዜብ ነው፤ ኋላ ንግሥተ ሳባ የምትሆነዋ ናት።

ተራው የወላጆቿ ሲሆን እትዬ አዜብን ከዛፍ ላይ አሰሯት። ሰባት ቅዱሳን በዛፉ ጥላ ሥር ለማረፍ ቢቀመጡ እንባዋ ከላይ ጠብ አለባቸው። ማንነቷን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ዘንዶው ሲመጣም በመስቀል መትተው ገደሉት። ከደሙ ግን ጥቂት በተረከዟ ላይ ቢንጠባጠብ እግሯ እንደ አህያ ኮቴ ሆነ። ቅዱሳኑም ፈትተው ወደ አገርሽ ሂጂ ብለው አሰናበቷት።

አንባቢ ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ከአንድሮሜዳ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያል። አዳኞቿ ውል አልጠየቁም፤ አላገቧትም። ብቻዋን ወደ መንደሯ ተመለሰች። የመንደሩ ሰው ከዘንዶው አምልጣ የመጣች መስሎት፣ መዓት ታመጣብናለች ብሎ አባረራት። ሌሊቱን ዛፍ ላይ ወጥታ አደረች። ሲነጋ ሰዎቹን ጠርታ የዘንዶውን ሬሳ አሳየቻቸው። በዚያን ጊዜ አለቃቸው አድርገው ሾሟት፤ እርሷም እንደ ራሷ ያለች ልጃገረድ መርጣ ምክትሏ አደረገቻት። ከዚያም ሰሎሞን ዘንድ የሄደ ይድናል ሲባል ብትሰማ፣ ሁለቱ ሴቶች ጠጉራቸውን እንደ ወንድ አሰናድተው ሰይፍ ታጥቀው ተጓዙ፤ በበሩም ስትገባ እግሯ ተፈወሰ።

ይህንን ትረካ ሊትማን አልፈጠረውም፤ የእረኞችና የገበሬዎች ተረት ነው። ከአደጋ ያመለጠችው ልጅ በገዛ መንደሯ ስትባረር ያያት ተራኪ፣ ያን ዓይነት ነገር በዓይኑ ያየ ሰው መሆን አለበት። ከጦር ሜዳ፣ ከበረሃ ደላላ፣ ከባሕር ተርፋ የመጣችን ልጅ «ምን ሆና መጣች?» እያሉ በጎን የሚያዩ ሰዎች ዛሬም አሉና።

ጽሑፍ የገባው ትረካ ግን ሌላ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በንቡረ እድ ይስሐቅ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ክብረ ነገሥት ማክዳን ጥበበኛና ባለጠጋ ንግሥት ያደርጋታል፤ ዘንዶና ዛፍ የለም። የሰሎሞንን ብልጠት ግን ያስቀራል። ንጉሡ የሚያስጠማ ምግብ ያበላታል፤ ከቤቱ ያለፈቃድ ምንም እንዳትወስድ አስቀድሞ ያስምላታል፤ ሌሊት ውኃ ስትጠጣ መሐላሽን አፈረስሽ ብሎ ይይዛታል። በየገበያው በሚሸጠው የቆዳና የሸራ ሥዕል ላይ ይህ ትዕይንት እንደ ቀልድ ተሥሎ አይተነዋል። ውኃ ለተጠማ ሰው ወንጀል መሆኑ ሲታሰብ ግን ቀልድነቱ ይቀራል። ማክዳም ወደ አገሯ ተመልሳ ዙፋኗን ለልጇ ስትሰጥ፣ ከእንግዲህ ሴት አትንገሥ የሚል መሐላ ይደነገጋል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ከዚህ የተሻለ ማኅተም ሊያገኝ አይችልም። ሆኖም ታሪክ ተረቱን አልጠበቀም። በ1917 ዘውዲቱ «ንግሥተ ነገሥታት» ተብላ በአዲስ አበባ ዘውድ ጫነች።

አራዌሎ

ከአገራችን ወጥተን ወደዚህ ወደ ሐርጌሳ እንምጣ። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች አራዌሎ የምትባል የጥንት ንግሥት ተረት አላቸው። ስሟን የማያውቅ ሕፃን የለም። ተረቱ እንደሚለው አራዌሎ ወንዶችን ሁሉ አስገዝታ ነበር፤ ትሰልባቸውም ነበር። ከስለባው ያመለጠ አንድ ኦዳይ ቢቄ የሚባል ብልህ ሽማግሌ ተደብቆ ወንዶቹን ይመክራል፤ ንግሥቲቱ ለምታወጣው እንቆቅልሽ ሁሉ መልስ ይነግራቸዋል። በመጨረሻም የገዛ ልጇ የወለደችው ወንድ ልጅ፣ እናቱ ለምናና አታላ ከስለባ ያተረፈችው፣ አድጎ አያቱን ገደላት። አገሩም ወደ ወንዶች አገዛዝ ተመለሰ።

ይህንን ከወንዶች አፍ ለሰማ ሰው መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሴት ብትነግሥ ይኸው ነው። ሴቶቹ ሲያወሩት ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። አራዌሎ ሴቶች የቤቱን ሥራ ሁሉ ትተው እንዲወጡ አስተባብራ፣ ወንዶቹ በልጅና በምድጃ ሲጠመዱ ነው ሥልጣን የያዘችው የሚል ትረካ አለ። ጦርነትን የሚያመጡ ወንዶች ናቸው ብላ ነው ያን ያህል የጨከነችው የሚሉም አሉ። ልዩነቱ በቃል ብቻ አይቀርም። በምሥራቅ በሳናግ በኩል የአራዌሎ መቃብር ነው የሚባል የድንጋይ ክምር አለ። እንደ ልማዱ በዚያ የሚያልፍ ወንድ ድንጋይ ይወረውርበታል፤ የምታልፍ ሴት ደግሞ እርጥብ ቅጠል ታኖርበታለች። ስለ ታሪክ አጻጻፍ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይህ አንድ መቃብር የበለጠ ያስተምራል። መቃብሩ አንድ፣ ሟቿ አንድ፣ ምስክርነቱ ግን ሁለት ነው። ድንጋዩ ይቆያል፤ ቅጠሉ ይደርቃል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ መንገደኛ የሚያየው ድንጋዩን ብቻ ነው።

በሥነ ግጥማቸውም እንዲሁ ነው። ሶማሌዎች ገባይ የሚባል የወንዶች ግጥምና ቡራንቡር የሚባል የሴቶች ግጥም አላቸው። ስለ ገባይ ብዙ ተጽፏል፤ ከትውልድ ትውልድም ከነባለቤቱ ስም ይተላለፋል። ቡራንቡር ግን በሠርግና በሴቶች ማኅበር መካከል ስለሚነገር፣ የሰብሳቢዎች መዝገብ ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። የሶማሌ ቋንቋ ይፋዊ ፊደሉን ያገኘው በ1972 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ በቃል ይዞ የሚያልፍ ሰው ያስፈልገው ነበር። ያዥ ያላገኘው ቀርቷል።

እንዲሁም እዚህ ከተማ ውስጥ እምቢ ባይ ልጅ «አራዌሎ» ትባላለች። ሰዳቢው ሊሰድባት ይላታል፤ አንዳንዷ ግን እንደ ሹመት ትቀበለዋለች። ይህም ራሱ ዳግም ትረካ ነው።

የዳግም ትረካ ድንበር

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ተረትን እንደገና መተረክና ታሪክን መፋቅ አንድ አይደሉም። የዮዲትን ነገር እንውሰድ። ሕዝቡ ጉዲትም፣ እሳቶም ይላታል፤ አክሱምን ያጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች ተብላ ትነሣለች። ስለ እርሷ ዘመን ከውጭ የመጡ ሁለት ምስክሮች አሉ። አንዱ በ10ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዓረባዊው ጂኦግራፈር ኢብን ሐውቀል ነው፤ የሐበሻን ምድር አንዲት ሴት ለ30 ዓመት ያህል እንደገዛችና ንጉሡን እንደገደለች ይናገራል። ሌላው በእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ የተጠቀሰው ደብዳቤ ነው። የሐበሻ ንጉሥ ለኑብያው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ጽፎ፣ አንዲት ንግሥት ከቦታ ቦታ እንዳሳደደችውና አገሩን እንዳጠፋችበት አቤት ይላል።

እንግዲህ ሴት ናትና ያቃጠለችው ሁሉ ሐሰት ነው ብለን ብንጽፍ፣ የሞቱትን ሰዎች ዳግመኛ መግደል ይሆንብናል። ነገር ግን ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ከምስክሮቹ መካከል የእርሷ ወገን የሆነ የለም። ከየት ተነሣች? ለምን ተነሣች? በሕዝቡ ትረካ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገላዋና ስለ ውበቷ ነው። አገር ያጠፋ ወንድ ንጉሥ ሲነሣ ግን ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ ግብሩና ስለ ድርቁ እንጠይቃለን። ሠላሳ ዓመት የገዛ ሰው ሠራዊትና ግብር ሳይኖረው አልገዛም። ደግሞም በአክሱም «የጉዲት ሐውልቶች» የሚባለው ሜዳ ላይ የቆሙት ድንጋዮች ከእርሷ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ መሆናቸውን የቁፋሮ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ስሟ ካልሠራችው ነገር ጋር ሁሉ ተጣብቋል ማለት ነው።

የአራዌሎም ነገር እንዲሁ ነው። ስለባው ደግ ሥራ ነበር ብሎ ማስተማር አይገባም። ጨካኝ ሴት ጨካኝ ናት። ዳግም ትረካ ሴትን ሁሉ ቅድስት ካደረጋት ሌላ ሰንሰለት አበጀላት። የምንፈልገው ቅድስና አይደለም፤ ለወንዱ የምንሰጠውን ያንኑ ምርመራ ለእርሷም መስጠት ነው።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

ተረት ለስደተኛ ቀላል ነገር አይደለም። መሬትና ከብት ተሻግረው አልመጡም፤ ተረት ግን ተሻግሯል። ማታ ፋኖስ ሲጠፋ ልጆቻችን የሚሰሙት እርሱን ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚድንም የሚማሩት ከእርሱ ነው። የፐርሴዎስን ተረት ብቻ የሰማች ልጅ መዳን ማለት ከባሕር ማዶ አንድ ሰው መጥቶ ከወላጆቿ ጋር ሲዋዋል ይመስላታል። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰችን ልጅ በፎቶግራፍ ላዩዋት ሰው ሲድሩ፣ ወይም የደላላ ቃል አምነው ወደ ባሕሩ ሲሸኙ፣ ወላጆች ክፉ ሆነው አይደለም። አውሬው ቀርቧል። ኬፌዎስና ካሲዮፔያም ልጃቸውን ይወዱ ነበር። ነገር ግን ልጂቱን ማንም ሳይጠይቃት የተደረገ ውል፣ ሰንሰለቱን ከቋጥኝ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ሊሆን ይችላል። የእትዬ አዜብን ተረት የሰማች ልጅ ደግሞ መዳን ከተፈቱ በኋላ በእግር ተሂዶ የሚፈጸም ነገር እንደሆነ ታውቃለች። መንደሩም የተመለሰችውን ልጅ እንዳያባርር ይማራል።

በኅዳር ወር ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ድረስ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣ ከድንኳናችሁ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። አምስት ከዋክብት ተሰባብሮ እንደታጠፈ መስመር ሆነው ይታያሉ። ካሲዮፔያ ናት። ከራሷ በላይ ወደ መካከለኛው ሰማይ የተዘረጉት ከዋክብት አንድሮሜዳ ናቸው። ግሪኮች እንደሚሉት ንግሥቲቱ በትዕቢቷ ምክንያት የሌሊቱን እኩሌታ ወደታች ተዘቅዝቃ እንድትዞር ተፈርዶባታል። ዛሬም ወደ ሰሜን ርቀው ባሉት አገሮች በሰማዩ ምሰሶ ዙሪያ ስትዞር ተዘቅዝቃ ትታያለች። ከዚህ ከእኛ ሰማይ ግን አትታይም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ በሰሜን ምሥራቅ ወጥታ በሰሜን ምዕራብ ትጠልቃለች፤ ውርደቷ ከአድማስ በታች ይቀራል። ያችው ንግሥት ናት፤ የቆምንበት ቦታ ግን የምናየውን ለውጦታል።

ሄሊዮዶረስ የተባለው ግሪካዊ ደራሲ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ፔርሲና የምትባል የኢትዮጵያ ንግሥት አለች። በእልፍኟ ያለውን የአንድሮሜዳን ሥዕል ስታይ ፀንሳ ነጭ ልጅ ወለደች። ዝሙት ሠራሽ እንዳትባል ፈርታ ልጇን አስጣለቻት። ከመጣሏ በፊት ግን እውነቱን በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል በሐር መቀነት ላይ ጥልፋ ከሕፃኗ ጋር አኖረች። ልጂቱ አድጋ በመርዌ፣ ባላወቃት በገዛ አባቷ ፊት ለመሥዋዕት በቀረበች ጊዜ፣ ማንነቷን ለማስታወቅ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ ያ መቀነት ነበር። ፐርሴዎስ በዚህ ታሪክ አዳኝ ሆኖ አይመጣም። የእናት ጥልፍ ግን አለ።

እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከቤት ይዘው የመጡት ተረት በቃላቸው ያለ ነው፤ ቅጠል ነው፤ ይደርቃል። ይህች በእጅ የምትገለበጥ መጽሔት ቀለምና ወረቀት እስካላት ድረስ ተረታቸውን እንደተናገሩት፣ ቃሉን ሳንለውጥ፣ ከነስማቸው ወይም ስማቸው ይቅር ካሉ ያለ ስም ለመጻፍ ዝግጁ ናት። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ልጆቻቸውን ያስጽፉ። ጎረቤት ሶማሌዎች ሴቶችም ስለ አራዌሎ የሚሉትን የሚተረጉም ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። የዘንዶውን ሬሳ ማሳየት የምትችለው እዚያ የነበረችው ናት።